ሥራው የጋራ፣ ውሳኔው የማን?

ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ዘንድሮ ማንንም ሳያስፈቅድ የወሰነው ትልቁ ነገር ምንድን ነው? የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊስ? ሱፐርቫይዘሩስ? 2ኛ ክፍል የምታስተምረዋ መምህርትስ? በትምህርት አስተዳደር ስለ ጋራ አመራር የሚሰጥ ሥልጠናም ሆነ የሚሠራ ጥናት አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ይመስለኛል። የተለመደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ «አመራሩ ሠራተኛውን ያሳትፋል ወይ?» መልሱ ሁልጊዜ «ያሳትፋል» ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ሁሉም ይሰበሰባል፣ ሁሉም አስተያየት ይሰጣል፣ ሁሉም ይፈርማል። ስብሰባው ሲበተን የተለወጠው ነገር ምንድን ነው? የለወጠውስ ማን ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ከእንዲህ ያሉ መድረኮች መክፈቻ ቀርቶ አያውቅም። ጥሩ ተረት ነው። ግን ሎሚው የማን ነው? ሃምሳው ሰው አንዳንድ ሎሚ ይዞ ሲነሣ ወዴት እንደሚያደርሰው የወሰነው ማን ነው? መንገዱ ተዘግቶ ቢያገኘው በሌላ መዞር ይፈቀድለታል? በትምህርት ጽሕፈት ቤቶቻችን «የጋራ» የሚባለው ነገር ሸክሙን በማካፈል ላይ ቆሟል ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡ፣ ሹመቱና የሥራው ጊዜ ግን ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። እነዚህ ሳይነኩ ስለ ጋራ አመራርና ስለ አፈጻጸም ዝምድና ማውራት ምን ይጠቅማል?

ታቦር ከሀዋሳ ስምንት ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው፤ ስሙን በከተማዋ ካለው ተራራ ጋር ይጋራል። ሀዋሳ ያለችበት ሲዳማ ኅዳር 2012 ዓ.ም በሕዝበ ውሳኔ ድምፁን ሰጥቶ፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም ሥልጣን ተረክቦ ክልል ሲሆን ብዙ ሰው ተስፋ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ውሳኔ ወደ ደጃፉ መቅረቡ ነበር። ክልሉ ቀርቧል። ውሳኔውስ? ከላይ ወደ ታች ብንቆጥር ትምህርት ሚኒስቴር አለ፤ የክልሉ ትምህርት ቢሮ አለ፤ የከተማ አስተዳደሩ ትምህርት መምሪያ አለ፤ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ፤ የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር አለ፤ ርዕሰ መምህር፣ ምክትል፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪ አለ፤ ከዚያ መምህሩ ይመጣል። ከእነዚህ እርከኖች ውስጥ ስንቱ ይወስናል፣ ስንቱስ ከላይ የመጣ ደብዳቤ ላይ ሸኚ ጽፎ ወደ ታች ያወርዳል? ከታች የመጣ ጥያቄስ ስንተኛው እርከን ላይ ደርሶ ይጠፋል?

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። በበልግ ዝናብ ነፋስ ተነሥቶ የአንድ መማሪያ ክፍል ጣሪያ ሦስት ቆርቆሮ ገነጠለ እንበል። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ጸሐፊዋ ትተይባለች፤ ማኅተም ይመታል። ደብዳቤው ክፍለ ከተማ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ያገኛል፤ ኃላፊው ጠርዙ ላይ ጽፈው ወደ ባለሙያ ይመሩታል፤ ባለሙያው መጥቶ ያያል፤ የጥገና ግምት ይሠራል፤ ፋይናንስ የበጀት ርዕስ መኖሩን ይጠይቃል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ የግዥ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። በዚህ መሐል የዚያ ክፍል ልጆች ከጎረቤት ክፍል ጋር ተዳብለው በአንድ ዴስክ አራት አምስት ሆነው ይቀመጣሉ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ብቻ ይሰማሉ። ከኋላ ያሉት ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከሰሌዳው የሚያዩትን ያህል ይገለብጣሉ፤ መምህርቷም ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮኻለች። ሰው ሁሉ ድርሻውን ሠርቷል። ፊርማው ብዙ ነው። ጣሪያው ለምን ይህን ያህል ቆየ ተብሎ ቢጠየቅ ግን «እኔ ነኝ» የሚል አንድ ሰው ይገኛል? ኃላፊነት ለአሥር ሰው ተካፍሎ ተጠያቂ ከጠፋ ያንን የጋራ አመራር ማለት ይገባል?

የግዥ ሥርዓቱ የተበጀው የመንግሥት ገንዘብ እንዳይባክን መሆኑን አውቃለሁ፤ ይፍረስም አልልም። ግን ርዕሰ መምህሩና የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ (ወተመሕ) ሰብሳቢ በጣምራ ፊርማ፣ አስቀድሞ በተወሰነ የገንዘብ ጣሪያ፣ አስቸኳይ ጥገና አሠርተው በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉ የሚጎዳው ማን ነው? ሰሌዳው ፊት ቆሞ ደረሰኙን ከሚያነብ የሰፈር ወላጅ የተሻለ ኦዲተር ከየት ይመጣል? ቆርቆሮው ስንት እንደሚሸጥ እኮ እሱ ያውቃል።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ የሚያሳዝነውም እሱ ነው። በ1940 ዓ.ም በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ሲጣል ገንዘቡን በየአካባቢው የሚቆጣጠሩ የትምህርት ቦርዶች እንዲቋቋሙ ታስቦ ነበር። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 260/1976 የትምህርት ቤቶችን አስተዳደር ለማጠናከር ብሎ የትምህርት ቤት አስተዳደር ኮሚቴዎችን አጸና። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አስተዳደሩ ያልተማከለ እንደሚሆን አወጀ። በ1994 ዓ.ም ወረዳዎች በጀታቸውን በጥቅል መቀበል ሲጀምሩ የትምህርት አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያው ወጣ፤ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድና የወላጅ መምህር ኅብረት ሥራም ተዘረዘረ። ቀጥሎ ደግሞ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም መጣ፤ ከአራቱ ዐበይት ርዕሶቹ አንዱ አመራርና አስተዳደር፣ ሌላው የኅብረተሰብ ተሳትፎ ነበር። ከዚያ የትምህርት ልማት ሠራዊትና አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት፤ በ2015 ዓ.ም «ትምህርት ለትውልድ»። ንጉሡም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም፣ ብልጽግናም ሕዝቡ ትምህርት ቤቱን ይምራ ብለዋል። ታዲያ ለምንድን ነው እያንዳንዱ መንግሥት ይህንኑ እንደ አዲስ የሚያውጀው? የቀደመው ኮሚቴ ምን ሆኖ ነው? የቀደመው ለምን እንደከሸፈ ሳይመረመር የሚቋቋመው ቀጣዩስ በምን ተስፋ ነው?

ከእነዚህ ሁሉ ለየት የምትልብኝ ከትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራሙ ጋር የመጣችው የትምህርት ቤት ድጎማ ነች። ለመጀመሪያ ክፍሎች በነፍስ ወከፍ 50 ብር አካባቢ የነበረች ትንሽ ገንዘብ ነች። ለምንም አትበቃም ሊባል ይችላል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ፣ መምህራኑና ወላጆቹ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ከፊታቸው የሚወስኑበት ነገር ነበር፦ ማጣቀሻ መጽሐፍ እንግዛ ወይስ ዴስክ እናሠራ? እዚህ ላይ ክርክር ይነሣል፤ ክርክር ሲነሣ ሰው ይመጣል፤ ሰው ሲመጣ ተጠያቂነት ይመጣል። ገንዘቡ ሲዘገይ ወይም ሲቀር ኮሚቴው ምን ላይ ይምከር? መዋጮ ላይ። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ገንዘብ ሲፈለግ ወይም ልጁ ሲያጠፋ ብቻ ከሆነ መሪነቱ የቱ ላይ ነው?

መምህሩስ ከዚህ የጋራ አመራር የደረሰው ድርሻ ምንድን ነው? ኮሚቴ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ የፈተና ኮሚቴ፣ የግዥ ኮሚቴ፣ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ኮሚቴ፣ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ቡድን፣ ዩኒት ሊደርነት፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፣ የሥነ ምግባርና ጸረ ሙስና ክበብ። አንድ መምህር በሳምንት ከሃያ ክፍለ ጊዜ በላይ አስተምሮ፣ በሁለት ፈረቃ መሐል ሮጦ፣ ደሞዙ ወር አላደርስ ብሎት ማምሻውን ቤት ለቤት እያስጠና፣ የእነዚህን የሁለቱን ወይም የሦስቱን ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። ይህ አመራር ነው? ወይስ ክፍያ የሌለው ጸሐፊነት ነው? በአቅራቢያችን ባሉ አካባቢዎች፣ በወላይታም በሀዲያም፣ መምህራን የወር ደሞዝ በወቅቱ ማግኘት አቅቷቸው ሥራ እስከማቆም ሲደርሱ አይተናል። ደሞዙ መቼ እንደሚገባ የማያውቅ ሰው «የዕቅዱ ባለቤት ነህ» ሲባል ምን ይሰማዋል?

በከተሞች የመጀመሪያ ክፍሎችን የሚያስተምሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ስንቶቹ ርዕሰ መምህር ናቸው? ስንቶቹ የክፍለ ከተማ ካቢኔ ስብሰባ ላይ ይቀመጣሉ? ፊደል የምታስቆጥረዋ ሴት ፊደል እንዴት እንደሚቆጠር የሚወሰንበት ክፍል ውስጥ ከሌለች «የጋራ» የሚለው ቃል ማንን ጨምሮ ነው?

አሁን ወደ ጥናቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቅሬታዬ ትልቅ ነው። በየዩኒቨርሲቲው በአመራርና በአፈጻጸም ዝምድና ላይ የሚሠሩ የማስተርስ ጥናቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት መንገድ ይከተላሉ። መጠይቅ ይዘጋጃል። ለጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች፣ ለርዕሳነ መምህራን፣ ለሱፐርቫይዘሮች ይበተናል። «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጀምሮ «በጣም አልስማማም» እስከሚለው ድረስ አምስት ሳጥን አለ። ያው ሰው አመራሩ የጋራ ነው ወይ የሚለውንም ይመልሳል፣ አፈጻጸሙ ጥሩ ነው ወይ የሚለውንም ይመልሳል። ከዚያ ቁጥሩ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ይገባና በሁለቱ መካከል ጠንካራ አዎንታዊ ዝምድና ይወጣል።

እንዴት አይወጣ? አለቃውን የሚወድ ሰው አመራሩንም ውጤቱንም ያመሰግናል። የተከፋ ሰው ሁለቱንም ይነቅፋል። የሚፈራው ደግሞ መሐል ያለውን ሳጥን እየመረጠ ይሄዳል። የተለካው የሠራተኛው ስሜት ሆኖ ሳለ የጋራ አመራር የትምህርት ውጤት አሻሻለ ብሎ መደምደም እንዴት ይቻላል? መጠይቁ የተበተነው በጽሕፈት ቤቱ በኩል ከሆነ፣ ተሰብስቦ የተመለሰውም በዚያው በኩል ከሆነ፣ ስም አትጻፉ ማለቱ ብቻ ሠራተኛውን ነጻ ያወጣዋል? ሁላችንም በምንተዋወቅባት ከተማ ውስጥ ሦስት ባለሙያ ያለው ክፍል ሲሞላው ማን ምን እንደመለሰ ለመገመት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ምክረ ሐሳብስ? «ለአመራሩ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ቢሰጥ።» የግንዛቤ እጥረት ነው እንዴ ያለው? ርዕሰ መምህሩ ሥልጣን ማካፈል ጥሩ እንደሆነ ጠፍቶት ነው? ወይስ የሚያካፍለው ሥልጣን በእጁ የለም?

ተመራማሪው ወጣት ነው፤ ጊዜ የለውም፤ አማካሪው አስተምሮታል፤ የሠራው የተፈቀደለትን ነው። እሱን አልወቅስም። የምጠይቀው ሌላ መንገድ መኖሩን ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት የቃለ ጉባኤ መዝገብ ወስዶ አጀንዳዎቹን ቢቆጥርስ? ከላይ የወረደው ስንት ነው፣ ከመምህራን ወይም ከወላጅ የመነጨው ስንት ነው? ከተወሰነው ውስጥ የተፈጸመው የትኛው ነው፣ «ለሚመለከተው አካል ይቅረብ» ተብሎ የቀረውስ? ከዚያ ወደ 2ኛ ክፍል ገብቶ፣ አንዲት ሕጻን አጠገብ ተቀምጦ፣ አጭር አንቀጽ ቢያስነብብ? መዝገቡና የሕጻኗ ንባብ ምንም ሳጥን ሳይሞላ ብዙ ይናገራሉ።

የጋራ ወይም የተከፋፈለ አመራርን ሐሳብ ወደ ትምህርት ዓለም በማስገባት ስማቸው ከሚነሣ ምሁራን አንዱ ጄምስ ስፒላን ነው፤ የቺካጎ ትምህርት ቤቶችን ለዓመታት አጥንቷል። እሱ ራሱ ደጋግሞ የተናገረው ነገር አለ፦ የተከፋፈለ አመራር የሚለው እይታ መመልከቻ እንጂ የሐኪም ማዘዣ አይደለም። አመራር በብዙ እጅ መሆኑ በራሱ መልካምም ክፉም አይደለም፤ ጥያቄው እንዴት እንደተከፋፈለና ለምን ዓላማ እንደሆነ ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ መመልከቻው ተጥሎ ማዘዣው ለምን ተወሰደ?

አፈጻጸም የሚለውንስ እንዴት ነው የምንለካው? በ2002 ዓ.ም በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ እንደማይችሉ አሳይቶ ነበር። ሲዳምኛ ከተፈተነባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ውጤቱም እጅግ ዝቅተኛ ከሆኑት ውስጥ ነበር። እነዚያ ሕጻናት 12ኛ ክፍል ለመድረስ አሥር ዓመት ያህል ይቀራቸው ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናስቀምጥ የ2014ቱ ውጤት ድንገተኛ ነበር ማለት እንችላለን? ከ2ኛ ክፍል እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት ዓመታት በየዓመቱ ዕቅድ ታቅዷል፣ ተገምግሟል፣ ሪፖርት ቀርቧል።

ልቤን የሚበላው ጥያቄ ይኸው ነው፦ አንድም ተማሪ ካላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በላይ የተቀመጡ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የዚያን ዓመት አፈጻጸማቸው ስንት በመቶ ተብሎ ተመዘገበ? የስንቱ ኃላፊ የሥራ ምዘና ከተማሪዎቹ ውጤት ጋር ወረደ? የተካሄደው ሱፐርቪዥን ብዛት፣ የተሰጠው ሥልጠና፣ የቀረበው ሪፖርት፣ የተሰበሰበው ገንዘብ፣ ሁሉም ከዕቅድ አንጻር ተሰልቶ ከፍ ያለ መቶኛ ሊያመጣ ይችላል። የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን 26 ስታንዳርዶች አሉት፤ ትምህርት ቤቶችን በአራት ደረጃ ይመድባል፤ አብዛኞቹ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶችም ከሚፈለገው ደረጃ በታች ሆነው ተገኝተዋል። ለመሆኑ ጽሕፈት ቤቶቹን ራሳቸውን በዚያው ሚዛን የሚመዝናቸው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ከደረጃ በታች ሆኖ ጽሕፈት ቤቱ ከደረጃ በላይ የሚሆንበት ስሌት እንዴት ያለ ነው?

ሱፐርቫይዘሩን እንመልከት። በጉድኝቱ ሥር ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየዞረ መምህራንን እንዲያግዝ ነው የተመደበው። በተግባር ቼክሊስት ይዞ ይመጣል። ዕቅድ አለ ወይ? ምልክት። ቃለ ጉባኤ አለ ወይ? ምልክት። የወተመሕ ሰብሳቢ ፊርማ አለ ወይ? ምልክት። የጋራ አመራር መኖሩን የሚያረጋግጠው ፋይሉን አይቶ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ መምህር የነበረ ሰው ነው፤ ክፍል ገብቶ ቢቀመጥ የሚለው ነገር ነበረው። ግን የእሱ አፈጻጸም በምን ይለካል? በተሞላው ቼክሊስት ብዛት ከሆነ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት መቀመጥ ለምን ብሎ ይመርጣል?

ሲዳማ ውስጥ ሆነን የጋራ ውሳኔ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ ብቻ መማር አለብን? በሲዳማ የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ ጉዳይ ሲያዝ «አፊኒ» (ሰማችሁ ወይ?) እየተባለ ነገሩ በየተራ ይሰማል፤ የሚናገረው ይናገራል፤ እውነቱ፣ ሀላሌ፣ እስኪወጣ ድረስ አይቸኮልም። ከዚያ የተወሰነው ያስራል። ተናግሬ አልተሰማሁም የሚል ሰው አይኖርም፤ ተወስኖ አልተፈጸመም የሚባልም ነገር አይወደድም። ሶንጎ እንከን የለሽ ነው አልልም፤ የሴቶችና የወጣቶች ቦታ በውስጡ ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ግን ከእኛ የግምገማ መድረክ የሚለየው ትልቅ ነገር አለው። ውሳኔው ከስብሰባው በፊት ተጽፎ አልመጣም። የክፍለ ከተማ ስብሰባ ላይ አጀንዳውም፣ የውሳኔ ሐሳቡም፣ አንዳንዴም ቃለ ጉባኤው ጭምር ቀድሞ ተተይቦ ሲቀርብ፣ በዚህ ምድር ላይ የኖረውን የመሰማማት ልማድ ምን አደረግነው?

የቋንቋው ጉዳይ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ይሆን ነበር። ሀዋሳ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ሌሎችም በየቤቱ የሚነገሩባት ከተማ ነች። አንድ ሰፈር ያሉ ልጆች በየትኛው ቋንቋ ማንበብ ይጀምሩ፣ ሁለተኛው ቋንቋ መቼ ይግባ፣ በቂ መጽሐፍና መምህር ያለው በየትኛው ነው፣ እነዚህ ጥያቄዎች ሕጻኑን በየዕለቱ ይነካሉ። በዚህ ላይ የወላጆችና የመምህራን ድምፅ የሚሰማው በየትኛው ጠረጴዛ ላይ ነው? ውሳኔው የክልል ነው ከተባለ፣ ይሁን፤ አፈጻጸሙን እንደየትምህርት ቤቱ ሁኔታ ማስተካከልስ የማን ነው?

ሌላ ዓለም ሄደን ብናይ ሁለት ታሪኮች አሉ፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎትቱ ይመስላሉ። ቺካጎ በ1988 እ.ኤ.አ በወጣ ሕግ በየትምህርት ቤቱ የሚመረጥ ምክር ቤት አቋቋመች፤ ብዙኃኑ ወላጆች ናቸው። ምክር ቤቱ ርዕሰ መምህሩን የመምረጥና የአራት ዓመት ውል የመስጠት፣ ትምህርት ቤቱ በራሱ የሚያዝዝበትን በጀት የማጽደቅ ሥልጣን ነበረው። ውጤቱ ወጥ አልነበረም፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት በጣም ተሻሻለ፣ አንዳንዱ ባለበት ቀረ። ሥልጣኑ ግን እውነተኛ ነበር፤ ወላጅ ሲመርጥ የሚመርጠው ነገር ነበረው።

ሁለተኛው በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ፣ ጃውንፑር በሚባል ወረዳ ነው። እዚያ በየመንደሩ የትምህርት ኮሚቴ በሕግ ነበር። ተመራማሪዎች ቢጠይቁ ብዙ ወላጆች ኮሚቴው መኖሩን አያውቁም፤ ከአባላቱም አባል መሆናቸውን የማያውቁ ተገኙ። ስለ መብታቸው በየመንደሩ ስብሰባ ተጠርቶ መረጃ ተሰጠ፤ የልጆቹን የንባብ ደረጃ መንደሩ ራሱ መዝኖ እንዲያይ ተደረገ። በኮሚቴው እንቅስቃሴም፣ በትምህርት ቤቱም፣ በልጆቹ ውጤትም ላይ የታየ ለውጥ አልነበረም። ለውጥ የመጣው የመንደሩ ወጣቶች ንባብ ማስተማር ሠልጥነው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልጆቹን ሲያስነብቡ ነው፤ የመጡት ልጆች ንባብ ተሻሻለ። ከዚህ የምረዳው ስብሰባ ብቻውን ምንም እንደማያደርግ ነው። ሰው የሚነሣሣው የሚጨብጠው ሥራ ሲሰጠው ነው፤ ሥራውም ደርሶ መጨረሻው የሚታይ ሲሆን። የእኛ ኮሚቴዎች የሚጨብጡት ምንድን ነው? የታቦር ነዋሪ ወላጅ የልጁ ትምህርት ቤት የወተመሕ ሰብሳቢ ማን እንደሆነ በስም ያውቃል? ሰብሳቢውስ የትምህርት ቤቱን የዓመት በጀት ያውቃል?

ርዕሰ መምህር የሚመረጥበትን መንገድ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። መመሪያው ውድድር ይላል፤ ትምህርት ደረጃ፣ ልምድ፣ የሥራ ምዘና ይቆጠራል። በየመምህራን ክፍሉ የሚነገረው ግን ሌላ ነው፤ የፖለቲካ ታማኝነት፣ ትውውቅ፣ የማን ወገን መሆን። ይህ ወሬ በእያንዳንዱ ሹመት ላይ እውነት ላይሆን ይችላል። ወሬውን ለማጥፋት ግን ቀላል መንገድ አለ። መስፈርቱና ነጥቡ ከውድድሩ በፊት ይለጠፍ፤ የተወዳዳሪዎቹ ውጤት ከውድድሩ በኋላ ይለጠፍ፤ በመራጩ ኮሚቴ ውስጥ መምህራኑ ራሳቸው በምስጢር ድምፅ የወከሏቸው ሁለት ሰዎችና አንድ ወላጅ ይቀመጡ። ይህን የሚከለክል ምን አለ? ከላይ የተሾመ ርዕሰ መምህር ዐይኑ ወደ ላይ ቢሆን ይገርማል? ያስቀመጠው ሊያነሣው ይችላላ። መምህራኑና ወላጆቹ ባልመረጡት፣ ሊያወርዱትም በማይችሉት ሰው ፊት «አመራሩን እንጋራ» ሲባል ነጻ ሆኖ የሚናገር ማን ይሆናል?

ሥልጣን ወደ ታች ሲወርድ አደጋ እንዳለው አላጣሁትም። የሰፈር ጉልበተኛ ኮሚቴውን ሊይዘው ይችላል። የወገን ክፍፍል ወደ ትምህርት ቤት ሊገባ ይችላል። ትንሿ ገንዘብም ልትበላ ትችላለች። ግን እነዚህ አደጋዎች ላይኛው እርከን ላይ የሉም? እዚያ ሲሆኑ እኮ የሚያያቸው ሰው ያንሳል። የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤትም ቢሆን እጁ የታሰረ መሆኑን መካድ ፍትሐዊ አይደለም፤ ከተመደበለት አብዛኛው በጀት ደሞዝ ነው፤ ከመምሪያው የሚወርደው ዕቅድ ድርድር አያውቅም፤ ኃላፊው ካቢኔ፣ ዘመቻ፣ ስብሰባ ሲል ትምህርት ቤት የሚረግጥበት ቀን ያጥረዋል። እሱም ቢሆን «ማንንም ሳታስፈቅድ ምን ወሰንክ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አጭር ነው። የምጠይቀው እሱን ለማሳፈር አይደለም። የእሱ እጅ ካልተፈታ የርዕሰ መምህሩ አይፈታም፤ የርዕሰ መምህሩ ካልተፈታ መምህርቷ በ2ኛ ክፍል ማንበብ ያልቻሉትን አሥራ ምናምን ልጆች ለይታ፣ የቀኑን ፕሮግራም ለውጣ፣ ለአንድ ወር በየጠዋቱ ንባብ ብቻ ላስተምር የማለት ድፍረት አይኖራትም። ዓመታዊ ዕቅዱ በዚያ ሳምንት ምዕራፍ አራት ላይ መድረስ አለባት ይላልና። ያን ፈቃድ ለመስጠት ምን ያህል በጀት ያስፈልጋል?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት የክፍለ ከተማው ድልድል በሚሠራበት ክፍል ውስጥ የትምህርት ቤቶቹ የወተመሕ ሰብሳቢዎች ወንበር ይኖራቸው ይሆን? ለጥገናና ለንባብ የምትውል ትንሽ ገንዘብ በየትምህርት ቤቱ ስም ተለይታ፣ መጠኗም በየበሩ ላይ ትለጠፍ ይሆን? የጽሕፈት ቤቱ የ2ኛ ክፍል ንባብ ውጤት ከሱፐርቪዥኑ ብዛት በፊት በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ ይሆን? ለእነዚህ ሦስቱ «አዎ» ወይም «አይሆንም» የሚል መልስ፣ ከኃላፊው ስምና ፊርማ ጋር፣ ከሰኔ መጨረሻ በፊት ለመምህራኑና ለወላጆቹ ይሰጣቸው ይሆን?